የገበቴ ክራር
ቢቸናና ሞጣ፣ ምሥራቅ ጎጃም። ገበቴ፣ የፍየል ቆዳ፣ እንጨት፣ የበግ አንጀት፣ ጨርቅ

ሊጥ ሲለወስበት የኖረ ገበቴ ጠርዙ ተሸርፎ ለማጀት ሥራ ባይበቃም ለዜማ ይበቃልና፣ ሠሪው በውኃ የራሰ የፍየል ቆዳ ወጥሮ ሰፋበት፤ ቆዳውም ሲደርቅ ጠነከረ። ከዚያ ሁለት ቋሚ ተክሎ፣ ቀንበር አጋድሞ፣ ከበግ አንጀት የተፈተሉትን 6 አውታሮች ዘረጋ። በቀንበሩ ላይ የተጠመጠሙትን ጨርቆች ልብ ብሎ የሚመለከት፣ ከእጅ ወዝ የተነሣ መጥቆራቸውን ያያል፤ ቅኝቱ ከትዝታ ወደ ባቲ የሚዛወረው እነርሱን በማላላትና በማጥበቅ ነውና።

የዲማ ጊዮርጊስ የቅኔ ጉባኤ በሚገኝበት በዚህ አገር፣ ባለ 10 አውታሩ በገና ለጸሎትና ለምስጋና የተለየ ሆኖ ሲከበር፣ ክራር የዘፈን መሣሪያ ተብሎ ከቅጽረ ቤተ ክርስቲያን ውጭ ቀርቷል፤ የሠሪው ጥበብ ግን፣ በእውነቱ፣ ከበገናው ሠሪ ጥበብ አንሶ ሊታይ አይገባውም። ዛሬ በክራር ላይ በአንጀቱ ፈንታ ብዙ ጊዜ የሚወጠረው ናይለን ነው።