የ75 ሳንቲሙ ጨዋታ

«ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ» ይባላልና ከጨዋታው እንጀምር። ጎልፍ ለብዙዎቻችን የባለጸጋ ጨዋታ ነው። ፊልም ላይ ካልሆነ በቀር ዱላውን እንኳ ቀርበን አላየነውም። ስለዚህ «እኛን ምን አገባን?» የምንል አንጠፋም። እንደሚያገባን ግን የአንዲት ከተማ ታሪክ ያሳየናል።

ጨዋታው ሲያዩት ቀላል ነው። አንዲት ትንሽ ኳስ በዱላ እየመቱ፣ ሰፊ መስክ አቋርጠው ጉድጓድ ውስጥ መክተት ነው። ሙሉው ዙር 18 ጉድጓድ አለው፤ ሁሉንም በጥቂት ምት የጨረሰ ያሸንፋል። ጀማሪ ግን መከራውን ያያል። አንዴ አየሩን ይመታል፣ አንዴ አፈሩን ይቆፍራል፤ ኳሷ ሣር ውስጥ ስትጠፋ ባልንጀሮቹ ጨዋታቸውን አቁመው አብረውት ይፈልጋሉ። ደግነቱ ደንቡ ለጀማሪ ያስባል። «ሃንዲካፕ» በሚሉት ሥርዓት ለደካማው ተጫዋች እንደ ችሎታው ምት ይቀነስለታል። እናም ጀማሪና አዋቂ በአንድ ሜዳ እኩል ሲፎካከሩ ይውላሉ። እንዲህ ያለ ደንብ በስንት ጨዋታ ይገኛል?

ጎልፍ ያደገውም በስኮትላንድ የባሕር ዳር የወል መስክ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1457 የዳግማዊ ጄምስ ፓርላማ፣ ሰዉ የቀስት ልምምዱን ትቶ በኳስ ተጠመደ ብሎ ጎልፍንና እግር ኳስን በአዋጅ ከለከለ። ጥቂት መኳንንት ብቻ የሚጫወቱት ቢሆን ኖሮ አዋጅ ባላስፈለገ ነበር። በ1552 ደግሞ የሴንት አንድሩስ ሊቀ ጳጳስ በሰጠው ሰነድ፣ የከተማው ሕዝብ በባሕር ዳሩ መስክ ላይ ጎልፍ የመጫወት መብቱ ታወቀለት። ታዲያ ይህ የወል መስክ ጨዋታ ውቅያኖሱን ተሻግሮ አሜሪካ ሲገባ ምን ደረሰበት? መልሱን በሰሜን ካሮላይና ግዛት፣ በግሪንስቦሮ ከተማ እናገኘዋለን።

በ1940ዎቹ መጨረሻ ግሪንስቦሮ ሁለት የሕዝብ የጎልፍ ሜዳዎች ነበሯት። ጊሌስፒ ፓርክ የሚባለው ለነጮች፣ ኖቾ ፓርክ የሚባለው ለጥቁሮች። የጥቁሮቹ ሜዳ ባለ 9 ጉድጓድ ሆኖ በከተማው የፍሳሽ ማጣሪያ አጠገብ የተሠራ ነበር። ጥቁሮቹ በጊሌስፒም እንጫወት ብለው ሲጠይቁ ማዘጋጃ ቤቱ አንድ ዘዴ ፈጠረ፦ ሜዳውን በዓመት በ1 ዶላር ለአንድ ክለብ አከራየው። ከዚያ ወዲያ «ሜዳው የግል ክለብ ነው፣ ለአባላት ብቻ ነው» ተባለ። ነገር ግን አባል ያልሆነ ነጭ መጥቶ የመግቢያውን ከከፈለ ይገባ ነበር። ጀማሪ ይሁን አዋቂ፣ አባል ይሁን አይሁን ማንም አይጠይቀውም። ጥቁሩ የከተማ ነዋሪ ግን ግብሩን እየከፈለ ከበር ይመለሳል። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ማለት ይኸ አይደል?

በዚህ መካከል ከአትላንታ ወሬ መጣ። በዚያች ከተማ ከሕዝብ የጎልፍ ሜዳ የተመለሱ አንድ አባትና ሁለት ልጆቹ ከሰው ነበርና፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በኖቬምበር 7 ቀን 1955 ፈረደላቸው። ልክ በወሩ፣ በዲሴምበር 7 ቀን፣ ጆርጅ ሲምኪንስ የሚባል የግሪንስቦሮ የጥርስ ሐኪም ከአምስት ባልንጀሮቹ ጋር ጊሌስፒ ፓርክ ሄደ። እያንዳንዳቸው 75 ሳንቲም ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው፣ ከልካዩን አልፈው መጫወት ጀመሩ። የሜዳው ኃላፊ መጥቶ ውጡ ቢላቸውም ኳሳቸውን መምታት አላቆሙም። ከዚያ በኋላ ፖሊስ ያዛቸው። ክሱም «ያለ ፈቃድ በሰው ይዞታ መግባት» የሚል ነበር።

ክርክሩ ሁለት መንገድ ሄደ። የፌዴራሉ ፍርድ ቤት በ1957 ነገሩን መርምሮ ኪራዩ ከተማውን ከኃላፊነት እንደማያድነው፣ ጥቁሮችም መከልከል እንደሌለባቸው ወሰነ። በግዛቱ ፍርድ ቤት ግን ስድስቱ ሰዎች ጥፋተኞች ተብለው 30 ቀን እስራት ተፈረደባቸው። ነገሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሲደርስ፣ የፌዴራሉ ዳኛ ያረጋገጠው ፍሬ ነገር በይግባኙ መዝገብ ውስጥ ሳይገባ ቀርቶ ነበር። በዚህ ሳቢያ በ1960 አምስት ዳኞች ለአራት ሆነው ይግባኙን ዘጉት። እዚህ ላይ ሕግ የምታጠኑ ልብ በሉ፤ እውነት መዝገብ ውስጥ ካልገባች ትረታለች! በመጨረሻ ስድስቱን ከእስር ያዳናቸው አገረ ገዥው ቅጣቱን ስላቀለለላቸው ነው።

ሜዳውስ? የፌዴራሉ ትእዛዝ ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት የክለቡ ቤት ተቃጠለ፤ ከተማውም ሜዳውን ዘጋው። ከጥቁር ጎረቤት ጋር ከሚካፈሉት ሁሉም ቢያጣው ተመረጠ ማለት ነው። ቀድሞ ሲጫወት የነበረው ነጭም ዱላውን ይዞ ቤቱ ተቀመጠ።

ነገሩ በዚህ ቢያልቅ ታሪክ ሆኖ ባልተጻፈ። በፌብሩዋሪ 1 ቀን 1960፣ በዚያችው ግሪንስቦሮ፣ እንደኛው የኮሌጅ ተማሪዎች የሆኑ አራት ልጆች ለነጭ ብቻ በተከለለ የምሳ ባንኮኒ ተቀምጠው አንነሣም አሉ። ያን ጊዜ የጥቁሮች መብት ማኅበር የከተማው ቅርንጫፍ ሊቀ መንበር ማን ነበር? ያው የጥርስ ሐኪሙ ሲምኪንስ! በ1961 ደግሞ በልጅነቱ የሰው ዱላ ይሸከም የነበረው የሰሜን ካሮላይና ተወላጅ ቻርሊ ሲፎርድ፣ እየተዛተበት በግሪንስቦሮው ውድድር ገብቶ ተጫወተ። በዚያው ዓመት መጨረሻ የአሜሪካ የጎልፍ ባለሙያዎች ማኅበር «አባልነት ለነጭ ዘር ብቻ» የሚለውን አንቀጽ ከደንቡ ሰረዘ። ጊሌስፒ ፓርክም ስድስቱ ከተጫወቱ 7 ዓመት ሲሞላ፣ በዲሴምበር 1962፣ ለሁሉም ተከፈተ።

ሲምኪንስ በዚህም አልረካም። ጥቁሮችን አናክምም ወይም ጥቁር ሐኪም አናሠራም የሚሉ የከተማው ሆስፒታሎች እነሱም «እኛ የግል ነን» ይሉ ነበርና፣ ከሌሎች ሐኪሞችና ከሕሙማን ጋር ሆኖ ከሰሳቸው። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በ1963፣ ሆስፒታሎቹ በመንግሥት ገንዘብ የተረዱ ስለሆኑ በዘር መለየት አይችሉም ብሎ ፈረደ። አስተውሉ፦ በጎልፍ ሜዳው በር ላይ የተነሣው ክርክር ሳይለወጥ ሆስፒታል ደጃፍ ደረሰ። በአንደኛው ጨዋታ ነበር የተከለከለው፣ በሁለተኛው ነፍስ።

ጎልፍ ባንችልም እንግዲህ ጥያቄውን እናውቀዋለን። የሕዝብ ገንዘብ የገባበት በር ላይ «የግል» የሚል ጽሑፍ ስናይ፣ ቤቱን ማን ሠራው፣ ማንስ ይገባበታል ብለን መጠየቅ እንልመድ።