ከቀረጻ በኋላ የመጣ ጥያቄ

የግሪኩ ባለቅኔ ኤስኪለስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ458 ዓመት ለአቴና መድረክ ያበረከተው «ኦሬስቴያ»፣ የደም በቀል በሸንጎ ፍርድ እንዴት እንደ ተተካ የሚያሳይ ባለ ሦስት ክፍል ተውኔት ነው። ኢጣሊያዊው ፒየር ፓኦሎ ፓዞሊኒ ይህን ታሪክ ከቅኝ አገዛዝ ነጻ ከወጣችው አፍሪካ ጋር አዛምዶ በፊልም ለመሥራት ተነሣ። እ.ኤ.አ. በ1970 የተገኘው ውጤት ግን ያለቀለት ፊልም ሳይሆን ለፊልም የተያዘ ማስታወሻ ነው። የትሮይ ጦርነት በቢያፍራ እልቂት ይመሰላል፤ የበቀል አማልክት በነፋስ የሚናወጡ ዛፎች ይሆናሉ፤ የአፖሎም ቤተ መቅደስ የዳሬ ሰላም ዩኒቨርሲቲ ነው።

አዘጋጁ የቀረጸውን በሮም ዩኒቨርሲቲ ለሚማሩ አፍሪካውያን አሳይቶ አስተያየታቸውን ጠየቀ። እነርሱም በጭብጨባ ብቻ አልተቀበሉትም፤ አፍሪካ ክፍለ ዓለም እንጂ አንድ አገር አይደለችም የሚል ተቃውሞ ተሰነዘረ። ፓዞሊኒ ተቃውሞውን ቆርጦ ሳይጥል በፊልሙ ውስጥ ማስቀረቱ ያስመሰግነዋል። ይሁን እንጂ ጥያቄው የመጣው ከቀረጻው በኋላ ነበር።

በሲያትል ተቀምጠን ስለ አገራችን ዕርቅና ፍትሕ የምንጽፍ ሁሉ ይህን ልናጤነው ይገባል። እኛ በሮም እንደ ተጠየቁት ተማሪዎች ብቻ ሳንሆን፣ ከሩቅ ሆነን የሌላውን ኑሮ የምንስልም ነን። በኤስኪለስ ተውኔት እንኳ ሰላም የወረደው ሸንጎው ስለ ፈረደ ብቻ አይደለም፤ የተቆጡት አማልክት ተደምጠው በከተማይቱ የክብር ስፍራ ስላገኙ ነው። ስለዚህ ንድፋችንን ይዘን ከመቅረባችን በፊት፣ ልጁን የቀበረችውን እናትና ከቀዬው የተፈናቀለውን ገበሬ አስቀድመን እንጠይቅ።