ኪኒኑን ማን አስጣላት?

ዘመዴ ናት፤ ስሟ ይቆየን፡፡ ለሁለት ዓመት የድባቴ መድኃኒት ስትወስድ ቆይታ ወደ ሥራዋ ተመልሳ ነበር፡፡ ሳቋም ተመልሶላት ነበር፡፡ ማርገዟን ባወቀች ሳምንት ታዲያ አንድ የመድኃኒት ቤት ባለሙያ «ይሄን እየዋጥሽ ነው እንዴ ያረገዝሽው?!» አላት፡፡ ማታውኑ ኪኒኑን ሽንት ቤት ደፋችው፡፡ ሐኪሟን እንኳ አልጠየቀችም፡፡ በአምስተኛው ወር ከአልጋ መነሳት አቃታት፤ ምግብም እምቢ አለች፡፡ እኛ ደግሞ «የእርግዝና ነው፣ ያልፍላታል» አልን፡፡ (እኔም ብያለሁ፤ ጋዜጠኛ ነኝ ባይዋ!)

ከዚያ ወዲህ አንድ ጥያቄ አልለቅ አለኝ፡፡ ያ ሁሉ ድንጋጤ ከየት መጣ? ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ ዕድሜው ከእሱም ከእሷም የሚበልጥ ፍርሃት ነው በአፉ የተናገረው፡፡ እስቲ ወደ ኋላ እንመለስ፡፡ (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው፡፡)

1957 ጉደኛ ዓመት ነበር፡፡ በዚያ ዓመት ስዊዘርላንዳዊው የአእምሮ ሐኪም ሮላንድ ኩን፣ ኢሚፕራሚን የተባለ መድኃኒት ድባቴን እንደሚያቀል ጽፈው አሳተሙ፡፡ የዛሬዎቹ ፀረ-ድባቴ መድኃኒቶች ታሪክ ከሚጀምርባቸው ቦታዎች አንዱ ይኸው ነው፡፡ በዚያው ዓመት ምዕራብ ጀርመን ውስጥ ታሊዶማይድ የተባለ ማረጋጊያ ኪኒን ያለ ሐኪም ትእዛዝ መሸጥ ጀመረ፡፡ ነፍሰ ጡሮች ለማቅለሽለሽ ወሰዱት፡፡ በ1961 መጨረሻ ከጀርመን ገበያ እስኪወጣ ድረስ የሆነው ሆነ፤ በዓለም ዙሪያ ከ10,000 በላይ ሕፃናት እጅና እግራቸው ሳይሟላ ወይም ሌላ ከባድ ጉዳት ደርሶባቸው ተወለዱ፡፡ ብዙዎቹም ሞቱ፡፡

አሜሪካ ከዚህ መዓት በአብዛኛው የተረፈችው በአንዲት ሴት ምክንያት ነው፡፡ ዶክተር ፍራንሲስ ኬልሲ በ1960 የአገሪቱ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር መሥሪያ ቤት ውስጥ ገና አዲስ ተቀጣሪ ሳሉ የታሊዶማይድ ማመልከቻ እጃቸው ገባ፡፡ ኩባንያው ቢመላለስ ቢጨቀጭቅ፣ ማስረጃችሁ አይበቃም ብለው ፈቃዱን ያዙት፡፡ በ1962 የወጣው ሕግ ደግሞ ኩባንያዎች መድኃኒታቸው እንደሚሠራ ጭምር እንዲያረጋግጡ አስገደደ፡፡

እስከዚህ ድረስ ታሪኩ ደስ ይላል፡፡ የሚያሳዝነው ከዚያ በኋላ ያለው ነው፡፡

በ1977 ያው መሥሪያ ቤት መውለድ የሚችሉ ሴቶች ከመጀመሪያዎቹ የመድኃኒት ሙከራዎች እንዲቀሩ መመሪያ አወጣ፡፡ ያላገባችውም፣ የወሊድ መከላከያ የምትወስደውም ሳትቀር! መመሪያው የተነሳው በ1993 ነው፡፡ ፕሮዛክ የሚባለው ፍሉኦክሴቲን በ1987 ሲፈቀድ እንግዲህ ይህ መመሪያ ገና በሥራ ላይ ነበር፡፡ ነፍሰ ጡሮችማ ከ1993 በኋላም ቢሆን ከሙከራ እንደራቁ ናቸው፡፡ ልብ በሉ፤ ኬልሲ የጠየቁት ማስረጃ ነበር፡፡ እኛ ግን ከታሪካቸው ፍርሃቱን ወስደን ጥያቄውን ተውነው፡፡ ሴቶች ካልተጠኑ ማስረጃ የለም፤ ማስረጃ ከሌለ ፍርሃት ይነግሣል፤ ፍርሃት ሲነግሥ ደግሞ የሚያጠና ይጠፋል፡፡

ቢሆንም ቀስ በቀስ መልስ መምጣቱ አልቀረም፡፡ በ2005 ፓሮክሴቲን ከሕፃናት የልብ ችግር ጋር ሊያያዝ ይችላል የሚል ማስጠንቀቂያ ወጣ፡፡ በ2006 የታተመ አንድ አሜሪካዊ ጥናት ደግሞ ሌላውን ወገን አሳየ፤ ቀደም ሲል ድባቴ ከነበረባቸው ነፍሰ ጡሮች መካከል መድኃኒቱን ካቆሙት 68 በመቶው፣ ካላቆሙት ግን 26 በመቶው ሕመሙ አገረሸባቸው፡፡ በ2014 ወደ 950,000 የሚጠጉ እርግዝናዎችን የመረመረ ጥናት፣ ሌሎች ምክንያቶች ሲጣሩ መድኃኒቶቹ የልብ ችግርን ይህ ነው በሚባል መጠን እንደሚጨምሩ አላገኘም፡፡

ይህ ማለት «ምንም የለውም፣ ዋጡ» ማለት አይደለም፡፡ አንዳንድ ሕፃናት በተወለዱ በመጀመሪያዎቹ ቀናት መነጫነጭና መንቀጥቀጥ ሊታይባቸው ይችላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ይተዋቸዋል፡፡ መድኃኒቶቹም ሁሉም አንድ አይደሉም፡፡ ነገር ግን በሚዛኑ በሌላኛው ወገን ያለው ባዶ አይደለም፤ ሕመሙ አለ፡፡ ያልታከመ ድባቴ እናትን ከምግብ፣ ከእንቅልፍና ከክትትል ያርቃል፤ ሲብስም ሕይወቷን ይቀጥፋል፡፡ ስለዚህ ሚዛኑን መያዝ ያለባቸው ሴትየዋና ሐኪሟ ናቸው እንጂ ድንጋጤ አይደለም፡፡ በድንገት ማቆም ደግሞ ራሱን የቻለ አደጋ አለው፡፡

እኛ አገር አራስ ብቻዋን አትተውም፡፡ ገንፎው ይገነፋል፣ ጠያቂው አይቋረጥም፡፡ ደግ ባህል ነው፡፡ ግን ዘጠኙን ወር ሙሉ ከሕመሟ ጋር ብቻዋን የከረመችውን ሴት ማን ጠየቃት?

ዘመዴ በስድስተኛው ወር ሐኪሟ ዘንድ ተመለሰች፤ ሐኪሟም አመዛዝኖ መድኃኒቱን አስጀመራት፡፡ ልጇ ዛሬ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ቤቱን ታምሰዋለች፡፡ እኔም ከእንግዲህ አንዲት ሴት «እያረገዝኩ ይሄን መዋጥ እችላለሁ?» ብትለኝ አልደነግጥም፡፡ «ሐኪምሽን ጠይቂ፣ እስከዚያ ግን ምንም እንዳትጥዪ» እላታለሁ፡፡ ብትፈልግ አብሬያት እሄዳለሁ፡፡

ቸር እንሰንብት!