ወባ፣ መንገድና ፋታ

ወባ ለራያ ቆላ አዲስ እንግዳ አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ሮቢት ያለችበት የቆቦ ሜዳ የዲዲቲ ርጭት ከተሞከረባቸው ቦታዎች አንዱ ነበር። ያም ሆኖ በ1958 ወረርሽኙ በአገሪቱ 150 ሺህ ያህል ሰው ፈጀ።

ሕፃን ራሱን ሲስት ወይም ያጎረሱትን ሁሉ ሲያስመልሰው ክኒን አይረዳም፤ መርፌው ያለው ደግሞ ሩቅ ነው። ለዚህ የተገኘው መላ በፊንጢጣ የሚገባው አርቴሱኔት ነው፤ አንጀት ውስጥ ሟሙቶ ወደ ደም ይዘልቃል። በ2009 የታተመ የባንግላዴሽ፣ የጋናና የታንዛኒያ ጥናት፣ ሕክምና ለማግኘት ከ6 ሰዓት በላይ በሚፈጅባቸው ሕፃናት ላይ ሞትንና ቋሚ ጉዳትን በግማሽ ገደማ እንደቀነሰ አሳየ።

ግን ፋታ እንጂ ፈውስ አይደለም። ሙሉ ሕክምናው ካልተከተለ በሽታው ያገረሻል፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ያስጠነቀቀውም ይህንኑ ነው። በሰሜኑ ጦርነት ቆቦ የውጊያ ሜዳ ስትሆን የተቆረጠው ይኸው ቀጣይ ሕክምና ነበር። መድኃኒት ለጤና ኬላ ያደለ፣ መንገዱንም ክፍት የማድረግ ዕዳ አለበት።