የጸሎታቸው መልስ ሌላ ጠጪ ነበር

የንባብ ክፍል፦ ያዕቆብ 5፥13-16



በእንጅባራም ሆነ በዳንግላ እናት ስለ ልጇ፣ ሚስት ስለ ባሏ ደጋግመው የሚጠይቁን ጥያቄ አለ፦ «ፓስተር፣ ጾምንለት፣ ጸለይንለት፤ መጠጡን ግን አልተወም። ወዴት እንውሰደው?» ከ90 ዓመት ገደማ በፊት በአሜሪካ፣ አክሮን በምትባል ከተማ የነበረ አንድ የጸሎት ቡድንም ይህንኑ ጭንቀት ተሸክሞ ነበር። ታሪኩ ለእኛም ይጠቅማል።

ዶክተር ቦብ ስሚዝ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ነበር። ፍራንክ ቡክማን የተባለ የሉተራን አገልጋይ በመሠረተው «ኦክስፎርድ ግሩፕ» በተሰኘ ክርስቲያናዊ ንቅናቄ ስብሰባዎች ላይ ከሁለት ዓመት በላይ ተመላልሷል። የንቅናቄው ሰዎች በየቤቱ ተሰብስበው ኃጢአታቸውን እርስ በርስ ይናዘዙ ነበር። ቦብ ግን ቃሉን እያነበበ፣ እየጸለየም መጠጣቱን ቀጠለ፤ ምስጢሩንም ለቡድኑ አልተናገረም። በመጨረሻ ለጥቂት ወዳጆቹ ገለጠላቸው። ተንበርክከው ጸለዩለት። መጠጡ ግን ወዲያው አልቆመም።

እ.ኤ.አ. በሜይ 1935 ቢል ዊልሰን የሚባል የኒውዮርክ ሰው ለንግድ ጉዳይ አክሮን ገባ። መጠጥ ካቆመ ገና አምስት ወሩ ነበር። ጉዳዩ ከሸፈበትና ብቻውን በሆቴል ቀረ። በአንድ በኩል የመጠጥ ቤቱ ጫጫታ ይጠራዋል፤ በሌላ በኩል ስልክና የአብያተ ክርስቲያናት ስም ዝርዝር አለ። ወደ ስልኩ ሄዶ ለአንድ አገልጋይ ደወለ። የፈለገው የሚያነጋግረው ሌላ ጠጪ ነበር፤ እርሱ ራሱ እንዳይወድቅ። ጥያቄው ከሰው ወደ ሰው አልፎ ለቦብ ከጸለዩት አንዷ ለሆነችው ለሄንሪታ ሳይበርሊንግ ደረሰ። እርሷም የጸሎታቸው መልስ አድርጋ ተቀበለችው።

በማግስቱ፣ ሜይ 12፣ ሁለቱ ተገናኙ። ቦብ ከ15 ደቂቃ በላይ አልቆይም ብሎ መጥቶ ከቢል ጋር ለሰዓታት ተቀመጠ። ቢል አልገሠጸውም፤ የራሱን ውድቀት ነገረው። ቦብ ከዚያ በኋላ አንድ ጊዜ ወደቀ፤ ጁን 10 ቀን 1935 የመጨረሻውን ጠጥቶ በ1950 እስኪሞት ድረስ መጠጥ አልቀመሰም። ያ ቀን ዛሬ በዓለም ዙሪያ ያለው «አልኮሆሊክስ አኖኒመስ» የተባለው ማኅበር የልደት ቀን ሆኖ ይቆጠራል። ሁለቱም ብዙ ሳይቆዩ ሦስተኛ ሰው ፍለጋ ወደ ሆስፒታል ሄዱ።

ወገኖቼ፣ ጸሎቱ ከንቱ አልነበረም። እግዚአብሔር የመለሰው ግን ሰው በመላክ ነው። ቆርኔሌዎስም በጸለየ ጊዜ የታዘዘው ወደ ኢዮጴ ልኮ ጴጥሮስን እንዲያስጠራ ነበር (ሐዋ. 10)። ያዕቆብም ጸሎትንና እርስ በርስ መናዘዝን አልለያየም።

«ያ ማኅበር ክርስቶስን በስሙ አይጠራም» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ ለማንኛውም እምነት በሩን ክፍት አድርጓል። የመጀመሪያዎቹ አባላት ግን የተራራውን ስብከት፣ 1ኛ ቆሮንቶስ 13ንና የያዕቆብን መልእክት እጅግ ይወዱ ነበር። በ1991 ደግሞ በካሊፎርኒያ በሳድልባክ ቤተ ክርስቲያን ጆን ቤከር ይህንኑ መንገድ በክርስቶስ ስም የሚከተል አገልግሎት ጀመረ። መናዘዝ የእኛው ርስት ነው፤ ከደጅ ያገኘነው አይደለም።

ወደ አገራችን እንምጣ። አዊ ውስጥ ማኅበር ባዕድ ነገር አይደለም። እድር አለን፣ ዕቁብ አለን፤ በየዓመቱ ጥር 23 እንጅባራን የሚያደምቀው የአገው ፈረሰኞች ማኅበርም አለ። ችግሩ በብዙው መሰባሰቢያችን ጠላው ወይም አረቄው አብሮ መቅረቡ ነው፤ «አልጠጣም» ያለ ሰው ወዳጆቹን የናቀ ይመስላል። በእኛ በአማኞች ዘንድ ደግሞ መጠጣቱን የተናገረ ሰው ከአገልግሎት መታገድንና የከተማ ወሬ መሆንን ይፈራል። ስለዚህ ያ ሰው ሁለት ማኅበር አለው፦ አንዱ ያጠጣዋል፣ ሌላው ያስደብቀዋል። ሦስተኛ ያስፈልገዋል።

ትክክለኛውን ኅብረት በምን እንለየዋለን? በመካከሉ መጠጥ ታግሎ ያቆመ ሰው ይኑር። እዚያ የተነገረ እዚያው ይቅር። ገንዘብ አይጠየቅበት። የወደቀ ሰው ተመልሶ ቢመጣ ወንበሩን ያግኝ። ከሁሉ በላይ ሕክምናን የሚከለክል አይሁን። ለዓመታት በየቀኑ የጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም መንቀጥቀጥ፣ መቃዠትና መንፈራገጥ ሊይዘው፣ ሊሞትም ይችላል። ይህን አይተን «ጋኔን ነው» ለማለት አንቸኩል፤ ከማቆሙ በፊት ሐኪም ይየው፣ ምልክቱም ከታየ ሳንዘገይ ሆስፒታል እናድርሰው። እየጸለይን እንውሰደው።

እንዲህ ያለ ኅብረት በአቅራቢያችሁ ካጣችሁ በሁለት ሰው ጀምሩ፤ አክሮን ላይም የተጀመረው በሁለት ሰው ነው። አንተ ጌታ ከመጠጥ ያወጣህ ወንድም፣ ምስክርነትህን መድረክ ላይ ብቻ አትተወው። ዛሬ ማታ አንድ ሰው ስልክህን እየጠበቀ ይሆናል።

አባት ሆይ፣ ስለ ሌሎች ስንጸልይ፣ መልሱ አድርገህ የምትልከን እኛን ከሆነ እሺ የምንልበትን ልብ ስጠን። በኢየሱስ ስም፣ አሜን።