ምድጃው የበላው አፈር

የደጋው እርሻ አፈር ለምን ሳሳ ሲባል ጣት የሚቀሰረው ማረሻው ላይ ነው። ክሱ መሠረት አለው። ጤፍ የለሰለሰ መሬት ስለሚፈልግ ማሳው ደጋግሞ ይታረሳል፤ አፈሩ በተገለበጠ ቁጥር አየር ያገኙ ረቂቅ ተሕዋስያን ብስባሹን ይበሉታል፣ በውስጡ የነበረው ካርቦንም ወደ አየር ይመለሳል። አጠገቡ ያለው የቤተ ክርስቲያን ደን ግን አይታረስም፤ የረገፈውም ቅጠል እዚያው ይበሰብሳል። ይሁን እንጂ ማረሻው ብቻውን ጥፋተኛ ቢሆን ኖሮ የጉራጌና የሲዳማ የእንሰት ጓሮ በሳሳ ነበር። እንሰትም ይቆፈርለታል፣ ይተከላል፣ ይነቀላል። አፈሩን ያቆየለት ከቤት የሚያድሩት ከብቶች እበት ነው፤ ዓመት ከዓመት ወደ ተክሉ ሥር ይወሰዳል። ዛፍ በተመናመነበት ደጋ ግን እበቱ ተጠፍጥፎ ኩበት ይሆናል፣ ገለባውም ለከብት ይውላል። ማሳው ይሰጣል እንጂ አይቀበልም።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ተቃውሞ ይነሳል፦ ጓሮው የከበረው ከብቶቹ የጋጡትን መስክ አራቁቶ ነው፤ ካርቦኑ ቦታ ቀየረ እንጂ አልጨመረም። እውነትነት አለው፤ ስለዚህ ጓሮን ከማሳ ብቻ ማነጻጸር ያሳስታል። ኩበት ሲነድ ግን መስኩም ማሳውም ያጣሉ፤ ለአፈር የሚተርፈው አመድ ነው። የፍጉን ድርሻ ለይቶ ያሳየው በእንግሊዝ ሮታምስትድ በ1843 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የስንዴ ማሳ ሙከራ ነው። በአንድ ማሳ ላይ፣ በየዓመቱ እየታረሰ፣ ፍግ ሲያገኝ የኖረው መደብ ምንም ካላገኘው ከሁለት እጥፍ በላይ ካርቦን ይዟል።

የባሕር ዛፍም ታሪክ በዚህ ዓይን መታየት አለበት። አዲስ አበባ በ1886 እ.ኤ.አ. ከተቆረቆረች በኋላ በዙሪያዋ ያለው ደን ለማገዶ አለቀ፤ ዳግማዊ ምኒልክም መናገሻውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ አስበው ነበር። ከተማዋን ያጸናት በ1890ዎቹ እ.ኤ.አ. የገባው ባሕር ዛፍ ነው። ውኃ ይመጥጣል፣ ከሥሩ ሌላ ተክል አያበቅልም የሚለው ወቀሳ በብዙ ቦታ ልክ ነው፤ ቅጠሉም ለማገዶ ከተጠረገ የቆመበትን መሬት አያበለጽግም። ግን ግንዱ በምድጃው የኩበትን ቦታ ከያዘ፣ ጥቅሙ ከተተከለበት ርቆ ሌላ ማሳ ላይ ይታያል። ይህ የሚሆነው ገበሬው ዛፉን ሁሉ ለከተማ ሸጦ ራሱ በኩበት ካልቀረ ብቻ ነው።

ስለዚህ መሬት «ደን»፣ «ጓሮ» ወይም «ማሳ» መባሉ ስለ ካርቦኑ የሚናገረው ግማሹን ነው፤ ቀሪው የሚታወቀው ከመሬቱ ከወጣው ምን ያህሉ እንደተመለሰ ሲጠየቅ ነው። የተመለሰውም በከንቱ አይቀርም፦ እዚያው ሮታምስትድ ከ1852 እስከ 1871 እ.ኤ.አ. ብቻ ፍግ የተሰጠው የገብስ መደብ፣ ከመቶ ዓመት በኋላም ምንም ካላገኘው ጎረቤቱ የበለጠ ካርቦን ይዞ ተገኝቷል።