ቋንቋን ቀስ በቀስ የሚወስድ ሕመም እንዴት ታወቀ?



እድራችን በሞት ጊዜ ለመረዳዳት የቆመ ቢሆንም የታመመን መጠየቅም ከግዴታችን አንዱ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። በዚህ ዓመት ስለ አንድ ሕመም ታሪክ ለመጻፍ የተነሣነው በዚሁ ምክንያት ነው። ሕመሙ ትኩሳት የለውም፤ ቁስልም የለውም። ሕመምተኛው በእግሩ ይሄዳል፣ ቤቱን ያውቃል፣ ልጆቹን ይለያል። የሚጠፋበት ቋንቋው ነው፤ ያውም በአንድ ቀን ሳይሆን በወራትና በዓመታት፣ ቃሉ አንድ በአንድ እየተለቀመ። እንዲህ ያለ ሰው ሲያጋጥም አንዱ «ኮርቶ ነው የማያናግረን» ይላል፤ ሌላው «ጃጅቷል» ብሎ ያልፈዋል፤ ሌላው ደግሞ የሰው ዓይን በልቶታል ብሎ ይጠረጥራል። ይህ ሊደንቀን አይገባም፤ ሐኪሞችም ቢሆኑ ሕመሙን በትክክል ለይተው ለማወቅ ከመቶ ዓመት በላይ ፈጅቶባቸዋል። ከዚህ በታች የምናነሣቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ታሪኩን ከፓሪስ ከተማ ዳርቻ፣ ቢሴትር ከሚባለው ሆስፒታል እንጀምር። በዚያ ሌቦርኝ የሚባል ሕመምተኛ 21 ዓመት ኖረ። የሚሉትን ይሰማል፤ መልስ ሲጠይቁት ግን ከአፉ የሚወጣው «ታን፣ ታን» የሚል ድምፅ ብቻ ነበር። በ1861 በ51 ዓመቱ ሲሞት ፖል ብሮካ የተባለ ሐኪም አንጎሉን አውጥቶ መረመረ፤ በግራ በኩል፣ ከግንባር ኋላ ያለው ክፍል ተጎድቶ አገኘው። ከዚያ ወዲህ «የንግግር ቦታ ተገኘ» ተባለ።

በ1874 ደግሞ ካርል ቬርኒከ የተባለ ገና የ26 ዓመት ወጣት ጀርመናዊ ሐኪም ሌላ ዓይነት ሕመምተኞችን ገለጸ። እነዚህ ሰዎች ሲናገሩ አፋቸው አይያዝም፤ ንግግራቸው ግን ፍሬ የለውም፣ የሚነገራቸውንም አይረዱም። ጉዳቱ ያለው እንደ ሌቦርኝ ከግንባር ኋላ ሳይሆን ከግራ ጆሮ በላይ ወደ ኋላ ባለው ክፍል ነበር። ቬርኒከ አንድ ብልህ ነገር ጨመረ። ሁለቱ ቦታዎች ደኅና ሆነው በመካከላቸው ያለው የነርቭ ክር ቢበጠስ፣ ሰውየው ሰምቶ ቢረዳም፣ መናገርም ቢችል፣ ሲናገር ቃላትን ይሳሳታል አለ። ከዚህ በኋላ ቋንቋ አንድ ቦታ የተቀመጠ ዕቃ ሳይሆን በብዙ ቦታዎች ቅብብል የሚሠራ ነገር መሆኑ ይታሰብ ጀመር።

ይህንን ለመረዳት ከራሳችን እድር የተሻለ ምሳሌ አናገኝም። ሊቀመንበሩ አለ፣ ጸሐፊው አለ፣ ገንዘብ ያዡ አለ፣ ድንኳኑም በየቦታው አለ። ጡሩምባ ነፊው ግን ካልወጣ ማን ይሰበሰባል? ቤቶቹ ሁሉ ቆመው ሳለ መልእክቱ በመንገድ ቀረ ማለት ነው። አንጎልም እንዲሁ ነው። ቃልን የሚሰማ፣ ትርጉሙን የሚያውቅ፣ ዐረፍተ ነገር የሚያሰናዳ፣ ከንፈርና ምላስን የሚያዝ ክፍል በየፊናው አለ። እነዚህን የሚያገናኘው የክሮች መረብ ሲጎዳ ንግግር ይሰናከላል።

ብሮካና ቬርኒከ ያዩአቸው ሕመምተኞች ጉዳታቸው በአብዛኛው ድልድይ በጎርፍ እንደሚወሰድ የታወቀ ቦታ ላይ የደረሰ ነበር። ምስጥ ምሰሶን እንደሚበላ በዝግታ የሚመጣውን ዓይነት በግልጽ ካስተዋሉት ቀደምት ሐኪሞች አንዱ የፕራጉ አርኖልድ ፒክ ነው። በ1892 ንግግሩ እያደር ስለ ጠፋበት አንድ የ71 ዓመት ሰው ጻፈ። ሰውየው ሲሞት አንጎሉ ቢታይ በተለይ የግራው ጎን ኮስምኖ ተገኘ። በዚያን ጊዜ እርጅና አንጎልን በሙሉ እኩል ያኮማትራል ተብሎ ይታመን ስለነበር፣ አንድ ክፍል ብቻውን ሊከስም ይችላል ማለት አዲስ ነገር ነበር። በ1911 አሎይስ አልዛይመር በእንዲህ ዓይነት አንጎል ሴሎች ውስጥ ክብ ክብ ነገሮችን በማይክሮስኮፕ አየ፤ እነሱም በኋላ በፒክ ስም ተጠሩ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ለብዙ ዓመታት ተዘነጋ። የሽማግሌ መርሳት ሁሉ በአንድ ከረጢት ተከቶ «እርጅና ነው» ይባል ነበር። በ1975 ለንደን ውስጥ ኤልዛቤት ዋሪንግተን የምትባል ተመራማሪ፣ አንደበታቸው ሳይታሰር የቃላትና የዕቃዎች ትርጉም ከአእምሯቸው የሚወጣ ሦስት ሰዎችን ገለጸች። ትልቁ እርምጃ ግን የመጣው በ1982 ነው። ተወላጅነቱ ከቱርክ የሆነ፣ በአሜሪካ ቦስተን ይሠራ የነበረ ማርሴል መሱላም የተባለ ሐኪም ስለ ስድስት ሕመምተኞች አንድ ጽሑፍ አወጣ። የእነዚህ ሰዎች ቋንቋ በየዓመቱ ሲሟጠጥ አጠቃላይ የአእምሮ መድከም ግን አልታየባቸውም ነበር። በ1987 ሕመሙን «ፕራይመሪ ፕሮግረሲቭ አፌዥያ» አለው፤ በእኛ አነጋገር በቋንቋ ጀምሮ እያደር የሚብስ የንግግር መጥፋት ማለት ነው።

ከዚያ ወዲያ ብዙ ምርምር ተደርጎ በ2011 ከልዩ ልዩ አገሮች የተውጣጡ ሊቃውንት ሕመሙን በሦስት ከፈሉት።

አንደኛው ንግግር የሚያደናቅፈው ነው። ሰውየው እያማጠ፣ ቃሉን እየሰባበረ ይናገራል፤ «ነገ ወደ ገበያ እሄዳለሁ» ለማለት «ነገ... ገበያ... እኔ» ብሎ ይቀራል። ጉዳቱ የሚጀምረው በግራ ግንባር በኩል ነው።

ሁለተኛው ትርጉም የሚያጠፋው ነው። ንግግሩ ይንቆረቆራል፤ ነገር ግን ሁሉ ነገር «እንትን» ይሆናል። ሁላችንም እንትን እንላለን አይደል? እኛ ግን ስሙ ሲነገረን «አዎ፣ እሱን ነው» እንላለን። ይህ ሕመምተኛ «ሙቀጫ» ቢሉት «ሙቀጫ ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ ቃሉ ከነትርጉሙ ሄዷልና። ጉዳቱ በግራ ጎን ባለው የአንጎል ክፍል የፊተኛው ጫፍ ላይ ይበረታል።

ሦስተኛው ቃል የሚያዘገየው ነው። ሰውየው ትርጉሙን ያውቃል፤ ቃሉን ግን ፈልጎ ማግኘት ያቅተዋል፤ ረዘም ያለ ዐረፍተ ነገር ድገም ቢሉትም ከመካከሉ ይጠፋበታል። ይህ ከግራ ጆሮ በላይ ወደ ኋላ ያለውን ክፍል የሚነካ ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ ከሥሩ የሚገኘው አልዛይመር የሚባለው በሽታ ነው። በሁለቱ ቀደምት ዓይነቶች ግን ሴሎቹን የሚያበላሹት በአብዛኛው ሌሎች ፕሮቲኖች ናቸው።

አሁን ወደ መረቡ እንመለስ። በ2007 ተመራማሪዎች ፓሪስ ውስጥ ተጠብቆ የኖረውን የሌቦርኝን አንጎል ሳይቆርጡ በኤም.አር.አይ. መሣሪያ አነሡት። ጉዳቱ ብሮካ ከላይ ካየው ቦታ አልፎ ወደ ውስጥ፣ የኋላውንና የፊቱን ክፍል እስከሚያገናኙት ክሮች ድረስ የዘለቀ ሆኖ ተገኘ። በ2009 ደግሞ በካሊፎርኒያ ዊልያም ሲሊና ባልደረቦቹ የአምስት ዓይነት የአንጎል መክሰም ሕመሞችን ካርታ በጤነኛ ሰዎች አንጎል ውስጥ አብረው ከሚሠሩት ክፍሎች ካርታ ጋር አነጻጸሩ። እያንዳንዱ ሕመም ከአንድ ጤነኛ መረብ ጋር ተገጣጠመ። ከአምስቱ ሁለቱ ቋንቋን የሚያጠፉት ነበሩ።

ይህ ምን ማለት ነው? ሕመሙ እንደ እሳት ከአጥር ወደ አጥር እየዘለለ ብቻ የሚሄድ አይደለም። እንደ እድር መርዶ ነው፤ ጎረቤት ቢሆንም አባል ያልሆነውን ቤት አልፎ፣ ሩቅም ቢሆን መዝገብ ላይ ያለውን ቤት ያንኳኳል። ስለዚህ ነው አንዱ ሰው ቃል አጥቶ ሳለ መንገዱን የማይስተው፣ ሒሳቡን የማይረሳው። ዘመኑ ሲረዝም ግን ሕመሙ ወደ ሌሎች መረቦችም ይሻገራልና የሰውየው ጠባይ፣ ማስታወሱ ወይም የሰውነቱ እንቅስቃሴ ሊነካ ይችላል።

እስካሁን ሕመሙን ከሥሩ ነቅሎ የሚያድን መድኃኒት አልተገኘም። ቢሆንም የሚሠራ ነገር አለ። በመጀመሪያ ነገሩን አንለዋውጥ፦ ንግግር በድንገት ከጠፋ፣ አፍ ከተጣመመ ወይም እጅ ከዛለ ስትሮክ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል መሮጥ ይገባል። በቀስታ የሚጠፋ ከሆነም ቢሆን ሐኪም ይየው፤ ጆሮው ይመርመር፤ ሌላ የሚታከም ምክንያት ሊኖር ይችላልና። ሕመሙ ብዙ ጊዜ ከ65 ዓመት በፊት ስለሚጀምር «ገና ጎልማሳ ነው» ተብሎም አይታለፍ። የንግግር ሕክምና ያላቸውን ቃላት ለማቆየት ይረዳል። በቤት ውስጥ የቤተሰብና የዕቃ ሥዕል ያለበት ደብተር ማዘጋጀት፣ በአጭሩ መናገር፣ «አዎ» ወይም «አይደለም» የሚያስመልስ ጥያቄ መጠየቅ ይጠቅማል። ከሁሉም በላይ ጊዜ መስጠት ነው፤ ቃሉን ሲፈልግ ከአፉ አንንጠቀው።

ለእድራችንም የሚተርፍ ነገር አለ። በየእድሩ ደንብ እንደሚታወቀው ከስብሰባና ከቀብር የቀረ ይቀጣል፤ ምክንያቱን ያላስረዳ ስሙ እስከ መሰረዝ ሊደርስ ይችላል። ቋንቋው የጠፋበት ሰው ምክንያቱን በምን አፉ ያስረዳል? ስንት ዓመት መዋጮውን ሲከፍል የኖረ አባል፣ እሱም ሳይናገር፣ እኛም ሳንጠይቅ ከመዝገብ ቢወጣ፣ በመጨረሻው ቀን ቤተሰቡ ያለ ድንኳንና ያለ ለቀስተኛ ይቀራል። ስለዚህ በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባችን አንድ ሐሳብ እንዲታይልን እንጠይቃለን፦ ዝም ያለ አባል ከመቀጣቱ ወይም ከመሰረዙ በፊት ሁለት ሰዎች ቤቱ ድረስ ሄደው እንዲያዩት፣ ቤተሰቡም ስለ እሱ እንዲናገር። ቡና ሲፈላም፣ ሰንበቴም ላይ እንደ ድሮው ቦታው አይነሣበት። መናገር ያቃተው ሰው መስማትና መውደድ አላቃተውምና።